የተማሪ ፊልም ገንዘብ ለምን ካሜራ ላይ ያልቃል?

አንድ የፊልም ተማሪ ለመመረቂያ አጭር ፊልሙ በጀት ሲያወጣ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው የካሜራ ኪራይ ነው። ቀጥሎ ሌንስ ይመጣል፤ ከዚያ መብራት፣ ጂምባል፣ ለመክፈቻው ሾት ደግሞ ድሮን። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ገንዘቡ እየሳሳ ይሄድና ድምፅ የሚለው መስመር ላይ ሲደረስ “ከጓደኛ እንዋሳለን” የሚል ማስታወሻ ብቻ ይቀራል። ምሳ የሚል መስመር ብዙ ጊዜ የለም። የልምምድ ቀናትም ወጪ ስለማይመስሉ አይታሰቡም።

ውጤቱን የተማሪዎች ፊልም ምሽት ላይ የተገኘ ተመልካች ያውቀዋል። ከተማዋ ከላይ ስትታይ ታምራለች፤ የጀርባው ብዥታ የውጭ ፊልም ያስመስላል። ሁለቱ ተዋናዮች አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሚሰማው የሚኒባስ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንና ከሩቅ የሚመጣ ጉምጉምታ ነው። ይህን ለመሸፈን ፒያኖ ይገባና ንግግሩን ጭራሽ ይውጠዋል። ተመልካች ምስሉ ትንሽ ቢጨልምበት ይታገሣል፤ የሚባለውን ካልሰማ ግን ከታሪኩ ይወጣና ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

ፊልሙ እንዲህ የሚወድቀው ገንዘብ ስላነሰ ነው የሚለው ምክንያት ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያለችው ጥቂት ገንዘብ ትልልቅ ፊልሞችን ለመምሰል ስለምትውል ነው። አራት ወይም አምስት ሰው ይዞ የሚሠራ ተማሪ ገንዘቡን ለድምፅ፣ ለምግብና ለጊዜ ቢመድብ፣ ስክሪፕቱንም ካለው የሰው ኃይል ተነሥቶ ቢጽፍ፣ የተሻለ ፊልም ይሠራል። ማሠልጠኛዎችም ይህን በቃል ከመምከር አልፈው በውጤት አሰጣጣቸው ሊያስገቡት ይገባል።

ተማሪው ወደ ካሜራ የሚያዳላው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የካሜራ ሙያ በአብዛኛው ያደገው በሰርግ ቪዲዮ፣ በሙዚቃ ክሊፕና በማስታወቂያ ነው። ሦስቱም ምስሉ ላይ ዘፈን ወይም ትረካ ስለሚጭኑ በቀረጻ ቦታ የሚቀዳ ንግግር ብዙም አይፈልጉም። በዚህ መንገድ ከተማዋ ጎበዝ የካሜራ ባለሙያዎችን አፍርታለች። ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የተሰቀለ ማይክ) ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ የሚቆም፣ በጆሮ ማዳመጫው የልብስ ኮሽታን ከንግግር የሚለይ ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም። ተማሪው ደግሞ ሲመረቅ የሚቀጥረው ክሊፕና ማስታወቂያ የሚሠራ ድርጅት እንደሆነ ስለሚገምት አጭር ፊልሙን እንደ ሥራ ማመልከቻ ያየዋል። ለእንጀራው ያሰበ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ፊልሙ ነው።

የተለየ መንገድ መኖሩን ለማየት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ መጀመር ይቻላል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1960ዎቹ መገባደጃ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ አሜሪካ ሄደው ቺካጎ ቲያትር ካጠኑ በኋላ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በምሕጻሩ ዩሲኤልኤ፣ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ትምህርት ቤት “ፕሮጀክት ዋን” የሚባል ግዴታ ነበር። አዲስ የገባ ተማሪ ሁሉ በትንሿ የሱፐር ኤይት ካሜራ፣ ከምስሉ ጋር እኩል የሚቀዳ ንግግር ሳይኖር፣ አንድ አጭር ፊልም ራሱ ጽፎ ራሱ ሠርቶ ማቅረብ ነበረበት። ኃይሌ በ1971 ያቀረቡት “አወር ግላስ” የሚባለው ፊልም ስለ አንድ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ወጣቱ መጻሕፍት እያነበበ በሄደ ቁጥር ለነጭ ተመልካች መዝናኛ ሆኖ መጫወቱን ይጠራጠራል። ንግግር መቅዳት ስላልተቻለ ሐሳቡ በምስልና በኋላ በተጨመረ ድምፅ መተላለፍ ነበረበት። ለአንድ ጀማሪ ይህ እገዳ ከብዙ ንግግር በላይ ያስተምራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኃይሌ ገና ተማሪ ሳሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን ቀረጹ። ፊልሙ አጭር አይደለም፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። አሠራሩ ግን ለማንኛውም ጥቂት ሰው ላለው ተማሪ ትምህርት ነው። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ፤ ፊልሙ 16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ አብዛኞቹ ተዋናዮች ሙያተኞች አልነበሩም። ካሜራውን የያዘው የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ኤልየት ዴቪስ ነው፤ እሱም በኋላ በሆሊውድ ታዋቂ የካሜራ ባለሙያ ሆኗል። ታሪኩ የሚፈልገው ነገር ሁሉ እዚያው ነበር፦ የሚታረስ መሬት፣ በሬ፣ ፀሐይ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚቆጣ ባለርስት፣ ከታች የሚደክሙ ጭሰኞች። በረንዳው ከፍ ብሎ እርሻው ዝቅ ማለቱ ብቻ የሁለቱን ወገኖች ግንኙነት ያሳያል። ለዚህ የተሠራ ዲኮር አላስፈለገም። ፊልሙ በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ፤ በኋላም ማርቲን ስኮርሴዚ ባቋቋመው የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት በኩል ታድሶ ለአዲስ ትውልድ ቀርቧል።

ከዩሲኤልኤ የሚወሰደው ሁለተኛ ትምህርት የሰው አደረጃጀቱ ነው። ተማሪዎቹ አንዱ ለሌላው ይሠሩ ነበር። ኃይሌ የመመረቂያ ፊልማቸውን “ቡሽ ማማ”ን ሲሠሩ ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነበር። በርኔት ራሱ ደግሞ “ኪለር ኦፍ ሺፕ” የሚለውን የመመረቂያ ፊልሙን በሎስ አንጀለሱ ዋትስ ሰፈር፣ ቅዳሜና እሑድ እየጠበቀ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራ። ጽፏል፣ ዳይሬክት አድርጓል፣ ቀርጿል፣ ኤዲት አድርጓል። ሌላው ተማሪ ቢሊ ውድቤሪ በ1984 “ብለስ ዜር ሊትል ሃርትስ”ን ሲያወጣ ስክሪፕቱን የጻፈለትም የቀረጸለትም በርኔት ነው። ዛሬ “የሎስ አንጀለስ ዓመፅ” እየተባለ በፊልም ታሪክ የሚጠቀሰው እንቅስቃሴ ከታች ሲታይ የሥራ ልውውጥ ነው፤ እርሻ ላይ ደቦ እንደሚባለው። ዛሬ ዳይሬክተር የሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ቡም ይይዛል።

በእኛ አገር ማሠልጠኛዎች ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፊልም ብቻውን ይሸከማል፤ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ባለሙያ ከውጭ ይከራያል። ሃያ ተማሪ ሃያ ካሜራ ይከራያል። አብረውት የተማሩት ደግሞ በዚያው ሳምንት የራሳቸውን ፊልም ለመጨረስ ይሯሯጣሉ።

ሰው ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምን ዓይነት ታሪክ ይጻፍ የሚለው ነው። የተማሪ ስክሪፕት ከቴሌቪዥን ድራማ የወረሰው አንድ አባዜ አለበት፤ ስምንት ገጽ ውስጥ ሰርግ፣ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ ይከታል። እነዚህ ቦታዎች ፈቃድ ይፈልጋሉ፣ ልብስ ይፈልጋሉ፣ አጃቢ ተዋናይ ይፈልጋሉ። አምስት ሰው ይህን ሁሉ ሊሸከም ስለማይችል ሰርጉ አሥር ሰው የታደመበት ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱም የትምህርት ቤቱ መሰብሰቢያ ክፍል መሆኑ ያስታውቃል።

ታላላቅ የሚባሉት ፊልም ሠሪዎች ሲጀምሩ የጻፉት በእጃቸው ያለውን ነው። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ሞስኮ ፊልም አጥንቶ ተመልሶ በ1963 ዳካር ላይ የሠራው “ቦሮም ሳሬት” ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩ የአንድ ባለጋሪ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ጋሪው በከተማው ሲዞር ድሃው ሰፈር፣ ገበያው፣ መቃብሩና ሀብታሞቹ የሚኖሩበት ክፍል በየተራ ይታያሉ፤ አንድ ፈረስና አንድ ሰው ከተማዋን በሙሉ አሳዩ። ድምፁ የገባው በኋላ ነው፤ የባለጋሪው ሐሳብ ከምስሉ በላይ ይሰማል። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ በ1970 የሠራው የመጀመሪያ አጭር ፊልም ደግሞ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ፣ ጠባብ መንገድና መንገዱን የዘጋ ውሻ ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ክሪስቶፈር ኖላን በ1997 ለንደን ላይ የሠራው “ዱድልበግ” ሦስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ተዋናይ፣ አንድ ጫማ።

አዲስ አበባ ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ አትጠብም። ሁለት እህትማማቾች የሟች እናታቸውን ሣጥን ከፍተው ዕቃ የሚካፈሉበት አንድ ክፍል፤ ሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ ልጅና በመስኮቱ በኩል ብቻ የሚያነጋግረው ደንበኛ፤ ውሃ በመጣበት ሌሊት ባልዲ ይዘው ግቢ ውስጥ የሚገናኙ ጎረቤቶች። እነዚህ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ቦታና ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። የበጀቱ ግማሽ የሚቆጠበው ስክሪፕቱ ላይ ነው።

ድምፅም እንዲሁ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። በዚህ ረገድ የሮበርት ሮድሪጌዝ ልምድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ወንድሞቹንና እህቶቹን አሰልፎ በ1991 “ቤድሄድ” የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ። በዚያው ዓመት በ7,000 ዶላር ገደማ፣ ከፊሉን በመድኃኒት ሙከራ ተሳትፎ ባገኘው ገንዘብ፣ “ኤል ማሪያቺ”ን ሜክሲኮ ውስጥ ቀረጸ። የቀረጻ ባልደረባ የሚባል ሰው አልነበረውም፤ ተዋናዮቹ ተራ በተራ ያግዙት ነበር። የተዋሰው 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ስለሚጮኽ ከምስሉ ጋር ድምፅ መቅዳት አልቻለም። ስለዚህ ካሜራውን አጥፍቶ ማይኩን ወደ ተዋናዩ አፍ አስጠግቶ ያንኑ ንግግር እንደገና ያስብለው ነበር። በኤዲቲንግ ጊዜ ድምፁን ከከንፈር ጋር በእጁ ያዛምዳል፤ መዛመዱ ሲያቅተው ወደ ሌላ ሾት ይቆርጣል። ፊልሙ የታወቀበት ፈጣን አቆራረጥ በከፊል የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

በሌላ ጫፍ የሾን ቤከር “ታንጀሪን” አለ። በ2015 የወጣው ይህ ፊልም በአይፎን 5ኤስ ስለተቀረጸ “በስልክ የተሠራ ፊልም” ተብሎ ታወቀ፤ ብዙ ተማሪዎችም ይህን ጠቅሰው ስልካቸውን ያነሣሉ። የሚዘነጋው ነገር ድምፁ በስልክ አለመቀዳቱ ነው። ለድምፁ ባለሙያ ተመድቦ በቡምና በገመድ አልባ ማይክ ነው የተቀዳው። ቤከር ከካሜራው ቀንሶ ድምፁን አልነካም። እዚህ ያለው ተማሪ የሚያደርገው ግልባጩን ነው።

እንግዲህ በስልክ ወይም ትምህርት ቤቱ ባለው ተራ ካሜራ የሚቀርጽ ተማሪ የኪራዩን ገንዘብ ወደ ድምፅ ቢያዞር ምን ያገኛል? አንድ ደህና ቡም ማይክ ከነመቅጃው፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ሥራ የማይሰጠው አንድ የድምፅ ሰው። የቀረው ጥንቃቄ ነው። ማይክ ከአፍ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው የድምፅ ግፊት በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ ካሜራው ላይ ተቀምጦ ሦስት ሜትር የራቀ ውድ ማይክ ተዋናዩ አጠገብ ያለ ርካሽ ማይክን አይተካም። የሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ያስተጋባል፤ ከካሜራው እይታ ውጭ የተሰቀሉ ሁለት ጋቢዎችና አንድ ብርድ ልብስ ይህን ይቀንሳሉ። ፍሪጅ ከቀረጻ በፊት ይነቀላል። የድምፅ ባለሙያዎች ነቅለውት እንዳይረሱ የመኪናቸውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ የማስቀመጥ ልማድ አላቸው፤ ቁልፉን ሳይወስዱ መሄድ ስለማይቻል የባለቤቱ ሥጋ አይበላሽም። ከእያንዳንዱ ቦታ ሰው ሳይናገር የአንድ ደቂቃ ዝምታ መቅዳትም ያስፈልጋል፤ ኤዲተሩ የንግግር ቁርጥራጮችን የሚያያይዘው በዚያ ነው።

ወቅቱም ይታሰብ። ተማሪ ነፃ የሚሆነው ክረምት ላይ ነው፤ ክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ማንኛውንም ንግግር ያጠፋል። ሐምሌ ላይ የሚቀረጽ ፊልም ወይ ዝናቡን የታሪኩ አካል ያደርጋል፣ ወይ ንግግሩን ወደ ረፋዱ ያመጣል፣ ወይ ያለ ንግግር ይጻፋል። በጋ ላይ ያለው ፈተና ደግሞ የቀን ፀሐይ ነው። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ የዓይን ሥር ይጨልማል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ውጭ፣ በመካከሉ ቤት ውስጥ መቅረጽ መብራት ከመከራየት ይሻላል። ቤት ውስጥም መስኮት ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ የፀሐዩን ብርሃን ያለሰልሳል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ብዙ ፊልም አበላሽታለች። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ስልኮች ግን ሲገዙ በሴኮንድ 30 ፍሬም እንዲቀርጹ ተስተካክለው ይመጣሉ። በፍሎረሰንት ወይም በርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሥር በዚያ ፍጥነት የተቀረጸ ምስል ሊርገበገብ ይችላል። ፍሬሙን 25፣ ሹተሩን 50ኛ ማድረግ ነፃ ነው፤ ከቀረጻ በኋላ ማስተካከል ግን ብዙ ድካም አለው።

አምስቱ ሰዎች እነማን ይሁኑ? ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ፕሮዲውሰሩን የሚያጠቃልል ረዳት ዳይሬክተር፣ አምስተኛው ደግሞ መብራትና ኮንቲኒዩቲ (የሾቶችን ተከታታይነት) የሚይዝ። ተደራርበው መሠራት የሌለባቸው ዳይሬክተርነትና ትወና ናቸው፤ ተማሪ ግን ይህን ጥምረት ይወደዋል። ሾቱን የሚያይለት ሰው የሌለው ዳይሬክተር የራሱን ትወና መቼ እንደሚያቆም አያውቅም። ረዳት ዳይሬክተሩ ቀኑን የሚከፋፍል፣ ምሳ የሚያደርስ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚነጋገር ነው፤ ማታ ደግሞ የተቀረጸው ሁሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ መገልበጡን ሳያረጋግጥ ሜሞሪ ካርድ እንዲጠፋ አይፈቅድም።

ምሳ ቀልድ አይደለም። ጓደኛ በነፃ ይሠራል፤ በባዶ ሆድ ከቀኑ 9 ሰዓት በላይ ግን አይሠራም፤ ቢሠራም ፊቱ ተዋናዩን ያቀዘቅዘዋል። ለአምስት ባልደረባና ለሁለት ተዋናይ የሁለት ቀን ምግብ፣ ሻይና ማታ ወደ ቤት የሚመልስ መጓጓዣ ከአንድ ቀን የድሮን ኪራይ ጋር ሲተያይ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ መሆኑን አስቀድሞ ያሰበ ፕሮዲውሰር ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ጊዜ ከገንዘብ ሁሉ ርካሹ ቢሆንም ተማሪ የሚያባክነው እሱን ነው። ኖላን በ1998 የወጣውን “ፎሎዊንግ”ን ሲሠራ ሁሉም ባልደረቦቹ ሥራ ነበራቸው፤ ቀረጻው ቅዳሜ ቅዳሜ እየተካሄደ አንድ ዓመት ያህል ወሰደ። ፊልም ውድ ስለነበር እያንዳንዱን ትዕይንት እንደ ቲያትር ደጋግመው ከተለማመዱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀርጹ ነበር። ብርሃኑ በአብዛኛው የመስኮት ብርሃን ነው። ዛሬ ሜሞሪ ካርድ ስለሚጠፋና እንደገና ስለሚሞላ ተማሪው ልምምዱን ቀረጻ ላይ ያደርገዋል፤ አንዱን ንግግር አሥራ አምስት ጊዜ ይቀርጻል፤ አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ይሄድና የመጨረሻው ትዕይንት ሳይቀረጽ ይቀራል። ጄሲካ በሽር ደግሞ ጊዜን በሌላ መንገድ ተጠቅማበታለች። ሜክሲኮ ተወልዳ ሐረር ያደገችው ዳይሬክተር ሐረር ላይ ሌሊት ጅብ የሚያበላ ሰው የሚታይበትን “ሃይራት” የተባለ ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ሠርታ በ2017 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል አሳይታለች። በ2021 እዚያው የቀረበውን “ፋያ ዳዪ”ን ስትቀርጽ አሥር ዓመት እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ ነው። ሰዎቹ ካሜራውን ረስተውት የሚታዩት እሷን ስለለመዷት ነው፤ ሰላሳ ሰው አስከትሎ የሚመጣ ቡድን ይህን ሊያገኝ አይችልም።

ትንሽ ቡድን መንገድ ላይ ሲቀርጽ ሌላ ዓይነት አደጋ አለው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። “ቡሽ ማማ” የሚጀምረው የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች የፊልሙን ባልደረቦች አስቁመው ሲፈትሹ በሚያሳይ ምስል ነው፤ የተተወነ ሳይሆን በእርግጥ የደረሰ ነበር፤ ኃይሌም ፊልሙ ውስጥ አስገቡት። አዲስ አበባ ላይ ያለ ተማሪ በዚህ ዕድል ሊመካ አይገባም። የትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚመለከተው አካል ፈቃድ፣ ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ለሰፈሩ ሰዎች መናገር፣ መሣሪያና የፖሊስ ልብስ የሚያስፈልገውን ትዕይንት ከአደባባይ ማራቅ፣ እነዚህ ሁሉ በበጀት ወረቀቱ ላይ ጊዜ ሊያዝላቸው የሚገባ ሥራዎች ናቸው። ማሠልጠኛዎችም ደብዳቤውን ለመጻፍ ተማሪውን ሳምንት ማመላለስ የለባቸውም።

ሙዚቃ ሌላው ወጥመድ ነው። የበርኔት “ኪለር ኦፍ ሺፕ” በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሰፍሯል። ሆኖም በሲኒማ ቤቶች በሰፊው ለመታየት እስከ 2007 ጠብቋል፤ የሙዚቃዎቹ መብት ስላልተገዛ ነበር። መብቱን ለማስፈቀድ የወጣው 150,000 ዶላር ፊልሙ ከተሠራበት ገንዘብ ከአሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ። የታወቀ ዘፈን የጫነ የተማሪ ፊልም ክፍል ውስጥ ይጨበጨብለታል፤ ፌስቲቫል ሲያመለክት ወይም ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ሊታገድ ይችላል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እዚያው ከተማ ውስጥ አሉ። አንድ የማሲንቆ ወይም የክራር ተማሪ ለፊልሙ አዲስ ዜማ ቢሠራና ስምምነቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢፈረም ሁለቱም ተማሪዎች ሥራቸውን ያሳያሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ድህነትን ማሞገስ ነው የሚለው ነው። የ7,000 ዶላሩ ተረት በየመድረኩ ሲነገር፣ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ “ኤል ማሪያቺ”ን ለሲኒማ ለማብቃት ከዚያ ብዙ እጥፍ ማውጣቱ አይነገርም። የበርኔት ፊልምም ሠላሳ ዓመት ያህል መጠበቁ ሊወደስ የሚገባ ጀግንነት አይደለም። ትክክል ነው። የሚባለው ግን ተማሪው ባነሰ ገንዘብ ይደሰት የሚል አይደለም። ገንዘቡ ቢጨምርም ቅደም ተከተሉ ካልተለወጠ ጭማሪው ወደ ተሻለ ሌንስ እንጂ ወደ ተሻለ ፊልም አይሄድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥራ ገበያው ነው፤ ቀጣሪው ውብ ምስል ማየት ይፈልጋል። እዚህም ላይ አጭር ፊልም ሌላ በር እየከፈተ መሆኑ መታየት አለበት። የኢትዮጵያዊቷ ዳይሬክተር የሕይወት አድማሱ አጭር ፊልም በ2015 በቬኒስና በቶሮንቶ ፌስቲቫሎች ታይቷል። የቤዛ ኃይሉ “አልዓዛር” በ2024 በካን የሐያስያን ሳምንት ቀርቧል። እነዚህ የተማሪ ልምምዶች አይደሉም፤ በትብብር የተሠሩ፣ የበሰሉ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የውጭ መራጮች ከአዲስ አበባ የሚጠብቁት የድሮን ምስል እንዳልሆነ ያሳያሉ። የካን አጭር ፊልም ውድድር ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ የፊልም ተማሪዎችን ብቻ የሚያወዳድር ላ ሲኔፍ የተባለ ክፍልም አለው። ለአንድ ክፍልና ለሁለት ተዋናይ የተጻፈ የአሥር ደቂቃ ታሪክ ለእነዚህ በሮች ከማንም ያነሰ አይደለም።

የሚቀረው የማሠልጠኛዎቹ ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፊልም ያለ ንግግር፣ በስልክ፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። ሁለተኛው በንግግር ይሁን፤ ሆኖም አንድ ቦታና ሁለት ተዋናይ ብቻ። ተማሪዎች በአምስት በአምስት ተደልድለው አምስት ፊልም ይሥሩ፤ በእያንዳንዱም ቦታ ይለዋወጡ፤ ሁሉም አንድ ጊዜ የድምፅ ሰው ሳይሆን አይመረቅ። ከመቶው ሠላሳ ነጥብ ለድምፅና በጓደኛ ፊልም ላይ ለተሠራ ሥራ ይመደብ። ትምህርት ቤቱ ካሜራ ለመግዛት ያሰበውን ገንዘብ መጀመሪያ ተማሪዎች በተራ ለሚዋሷቸው መቅጃዎችና ማይኮች ያውል። ፊልሞቹ ሲያልቁም ከክፍል ውጭ፣ ትኬት ባይቆረጥም ተራ ተመልካች በሚገኝበት አዳራሽ ይታዩ፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከዳይሬክተሩ ስም ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያው ስም ይታተም።